በ28 የእድር ወንበር፦ ሳሎናችን ውስጥ ያዘጋጀናቸው የአኩስቲክ ምሽቶች

ካለፈው ዓመት ጀምሮ እኔና ወንድሜ ቤታችን ሳሎን ውስጥ የአኩስቲክ ሙዚቃ ምሽት እናዘጋጃለን። ማይክ የለም። ስፒከር የለም። ኪቦርድም የለም። ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይመጣሉ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሠሩትን ዘፈን በጊታር ወይም በክራር ይጫወታሉ። ሰው ይሰማል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው።

እዚህ እስክንደርስ ግን ብዙ ነገር ተበላሽቶብናል። ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ "እኛም ሰፈር ልናደርገው አስበናል፣ ከምን እንጀምር?" ብለው ጠየቁኝ። በስልክ ስነግራቸው ግማሹን እረሳዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ወንድሜ ጊታር ይጫወታል፣ ዘፈን ይጽፋል። አንድ ዘፈን ስቱዲዮ ገብቶ ለማሠራት የሚጠየቀውን ብር ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። እኛ አገር የዘፈን ሥራ የተከፋፈለ ነው። የአልበም ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይጻፋል። ዘፋኙ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ክፋት የለውም፤ ከምንወዳቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የተሠሩት። ግን ሁሉንም ራሱ የሚሠራ ልጅ የቅንብር ብር እስኪያገኝ ድረስ ዘፈኑን የት ይዝፈነው? ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ መኝታ ቤቱ ውስጥ ለግድግዳ ነው የዘፈነው።

ያለ ቅንብር መዝፈን ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴ፣ አስናቀች ወርቁ በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ ስንቱን ሰው አስተክዘዋል። አዝማሪም አንድ ጅማት ያላት መሰንቆውን ብቻ ይዞ ነው ቤት የሚሞላው። አዲሱ "አኩስቲክ" የሚለው ቃል ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ቤት አልነበረም። ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንድ ካፌ ፈቀደልን። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው። ችግሩ የማኪያቶ ማሽኑ ነበር። ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ በጣቱ ብቻ ይጀምራል። ሰው ጆሮውን ይሰጣል። ልክ ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ማሽኑ "ፉሽሽሽ" ይላል። ከዚያ ጁስ መፍጫው ይቀጥላል። አስተናጋጆቹን "ትንሽ ቆዩ" ልንላቸው አንችልም፤ ሥራቸው ነው። ካፌ ውስጥ ለማድረግ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካፌው ደንበኛ በማያስተናግድበት ሰዓት ካልሆነ ባትሞክሩት ይሻላል። ወይ ደግሞ ማሽኑ ያለው ሌላ ክፍል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሳሎናችን የዞርነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የወላጆቻችን ቤት ነው። ሳሎኑ በግምት 5 ሜትር በ6 ሜትር ይሆናል። ሶፋውንና ቡፌውን አወጣን። ወንበር ከእድር ተዋስን። አባታችን የእድሩ አባል ስለሆነ ለኪራይ ትንሽ ብር ብቻ ከፈልን። 28 የፕላስቲክ ወንበር። የእድሩን ዕቃ የሚይዙት ጋሼ አንድ በአንድ ቆጥረው አስረከቡን።

ስለ ክፍሉ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነውና።

መጀመሪያ ዘፋኞቹን የሳሎኑ ጫፍ ላይ፣ እንደ መድረክ አድርገን አስቀመጥናቸው። ሰው ደግሞ እንደ ክፍል ተማሪ በረድፍ በረድፍ። ኋላ የተቀመጡት ግጥሙን አልሰሙም። ናይለን ክር ያለው ጊታር ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከአምስት ረድፍ ሰው ጀርባ ይጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ዘፋኙን ረጅሙ ግድግዳ መሃል ላይ አስቀመጥነውና ሰውን በግማሽ ክብ ከበብነው። ያኔ ከማንም እስከ ዘፋኙ ያለው ርቀት ከ4 ሜትር አይበልጥም። ማይክ ያስፈልገናል ስንል የነበረው ነገር በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው የድምፁ ማስተጋባት ነው። ወለላችን ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳው ሲሚንቶ። ባዶውን ስታጨበጭቡ ይመልሳል። ቃል በቃል ላይ ይደረብና ግጥሙ ይደበዝዛል። የእናቴን ሁለት ጋቢዎች ከዘፋኙ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀልን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ልዩነቱን ለማመን ይከብዳል። ጋቢው ከመሰቀሉ በፊትና በኋላ አንድ ጊዜ አጨብጭባችሁ ሞክሩት።

ክራር የምትጫወተው ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረችን። ክራሯን ጓዳ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ቃኘችው። ሳሎን ስትገባ በሩ ክፍት ነው፣ የእንጦጦ ብርድ ገብቷል። ሁለት ዘፈን ሳትጨርስ ቅኝቱ ተበላሸ። አሁን መሣሪያዎቹ ሁሉ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት የሚዘፈንበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚቃኙትም እዚያው ነው።

ሌላም አለ። ክራር ስድስት ክር ነው ያለው። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ለመሄድ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ያዘጋጀችው ዝርዝር ትዝታ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ ባቲ ነበር። በየመሃሉ ሰው እየጠበቃት ቁጭ ብላ ክር ታጠብቃለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን በአንድ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች አንድ ላይ አድርጋ ትጫወታለች። የክራሩ ቅኝት ሲቀየር ጊታሩ ይገባል። የጊታሩ ልጅ ሲጨርስ የእሷ ክራር ዝግጁ ነው። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ግን ማንም አልነገረንም ነበር።

አሁን ወደ ምሽቶቹ ልምጣ።

የግንቦቱ ምሽት፣ ቤታችን ያደረግነው የመጀመሪያው፣ በእኔ ጥፋት ነው የተበላሸው። ካፌ ውስጥ ያየሁት ጫጫታ አስመርሮኝ ስለነበር በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። "በዘፈን መሃል ማውራት፣ መንቀሳቀስና ማጨብጨብ ክልክል ነው" ይላል። ሰው አነበበው። ገባ። ተቀመጠ። ዝም አለ። እውነትም ኮሽታ አልነበረም። ግን ያ ዝምታ የመስማት ዝምታ አልነበረም፤ ፈተና ክፍል የገባ ሰው ዝምታ ነበር። ወንድሜ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዓይኑን ከጣቶቹ ላይ አላነሣም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገብቶ "አልወደዱትም አይደል?" አለኝ። ክራር የምትጫወተው ልጅም "እህቴ፣ ምን አጠፋሁ ብዬ ነው የጨረስኩት" አለችኝ። ከእንግዶቹ አንዷ ግን በማግስቱ ደውላ "በጣም ደስ ይል ነበር፣ ግን ማልቀስ ራሱ የሚፈቀድ አልመሰለኝም" አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

ያን ምሽት የወደድኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጎረቤታችን አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። "ግቡ እማማ" ብላቸው "አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል" አሉ። ወረቀቱን አላነበቡትም። አንድ ዘፈን ላይ "እሰይ!" አሉ ጮክ ብለው። ወንድሜ ቀና ያለው ያኔ ብቻ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝናቡ መጣ። ክረምት ላይ ያዘጋጀነው ፍልሰታ ሳይገባ ብለን ነው። ጾም ሲሆን ብዙ ሰው ዘፈን አይሰማም፤ እኛም እንዲሰማ አንጠይቅም። ሁዳዴም፣ ረመዳንም እንደዚያው። ቀን ስትቆርጡ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው። እኛ ግን ጾሙን አስልተን ቆርቆሮውን ረሳነው። የቤታችን ኮርኒስ ስስ ነው። ክራር የምትጫወተው ልጅ ሁለተኛ ዘፈኗን እንደጀመረች ዶፉ ወረደ። ቆርቆሮ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። ልጅቷ ክራሯን ጭኗ ላይ አስተኛች።

አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ቡና ቶሎ አስፈላን። ሰው ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋ። ያለበለዚያ መደማመጥ አይቻልም። ከእንግዶቹ አንዱ ልጅቷን "ያቋረጥሽው ዘፈን ስለ ምንድነው?" ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ሳለች ከእናቷ ጋር በስልክ የተጣሉበት ሌሊት ነው። ስልኩን ዘጋችው። መልሳ ስትደውል ኔትወርክ የለም። እስኪነጋ ዶርም ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በስልኳ ላይ ጻፈች። የመጨረሻው ቤት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የመጣላት። ይሄን ስትናገር ሰው ሁሉ ወደ እሷ አዘንብሏል። ሌላውም ጠየቀ። "እናትሽ ሰምታዋለች?" "አልሰማችም።"

ዝናቡ ሲያባራ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። የመጨረሻው ቤት ላይ ስትደርስ ጣቷ ክሩን ስቶ አንዴ ተሳሳተች፣ ዝም ብላ ቀጠለች። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ የቡና ስኒውን ወለል ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ እንዳለ እስክትጨርስ ቀና አላለም። ስኒው እንዳይንኳኳ ብሎ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ቀደድኩት። በእሱ ፈንታ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንዱን ዘፈን ከመዝፈኑ በፊት ከየት እንደመጣ ይናገራል። አጭር፣ ሁለት ደቂቃ። ሁለተኛ፣ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ የራሱ ጊዜ ይኑረው። ቡናው የሚቆላውና የሚወቀጠው ሰው ሲገባ ነው፤ ሽታውም ጥሩ መቀበያ ነው። ፈንዲሻው የሚዞረው በእረፍት ነው። ፈንዲሻ በጣም ይንኮሻኮሻል። ዘፈን ሲጀመር የቀረው ስኒ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ የምታዘጋጁ ከሆነ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ባዶ ጊዜ ይኑራችሁ። ዝናብ ካልመጣ ለጨዋታ ይሆናል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ያቀድነው አልሆነም። ወንበሮቹን ዓርብ ማታ አምጥተን ደርድረናቸው ነበር። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጡሩምባ ተነፋ። እማማ ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመው የሰሙት እናት። ወንድሜ ተነሥቶ ሳሎን ገባ። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ እንደተደረደሩ ቆሞ አያቸው። አንድም ቃል አልተናገርንም። እያነባበርን ማውጣት ጀመርን። ጋሼ በሩ ላይ ሲደርሱ ግማሹን አውጥተን ነበር። "እኔም ለሱ ነው የመጣሁት ልጆቼ" አሉ። ድንኳኑ እስኪተከል ወንበሮቹ እዚያ ደርሰዋል።

ለእንግዶቹ በሙሉ ደወልኩ። የተቀየመ ሰው አልነበረም። ከነሱም ሦስቱ ለቅሶ መጥተው ተቀመጡ። እዚህ ላይ የምነግራችሁ፣ ሰፈር ውስጥ የምታዘጋጁት ነገር የሰፈሩ ነው። ጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ይወቅ። ለቅሶ ከመጣ ምንም አታመንቱ፣ ሰርዙት። ብር የከፈለ ካለ በዚያው ቀን መልሱለት።

ስለ ብሩ በአጭሩ ልናገር። መግቢያ 200 ብር ነው። 28 ሰው 5,600 ብር ይሆናል። ለወንበር፣ ለቡና፣ ለስኳር፣ ለፈንዲሻና ለከሰል 1,400 ብር አካባቢ ይወጣል። የቀረው 4,200 ለሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 1,400። እኛ ምንም አንወስድም። ሒሳቡን ለሁሉም እናሳያለን። ትንሽ ብር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወንድሜን ስንት ቦታ "በነፃ ተጫወት፣ ራስህን ታስተዋውቅበታለህ" ብለውታል። የታክሲውን እንኳ ከኪሱ ከፍሎ የተመለሰባቸው ቀናት አሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ልጅ ጠርታችሁ ካዘፈናችሁ ክፈሉ። ስንት እንደሆነም ከመምጣቱ በፊት ንገሩት።

ሽልማትም አለ። እኛ ዘፋኝ ስንወድ ተነሥተን ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያምራል። ትንሽ ሳሎን ውስጥ፣ ልጅቷ ስለ እናቷ እየዘፈነች ሳለ፣ አንድ ሰው ወንበር እያንኳኳ መጥቶ ግንባሯ ላይ ብር ሲለጥፍ ግን ዘፈኑ ይቆረጣል። ሰውየው ከልቡ ነው ያደረገው፤ አልተቆጣነውም። በሩ አጠገብ ትንሽ ሙዳይ አስቀመጥን። መሸለም የፈለገ ሲወጣ እዚያ ይከታል።

ሰዓቱ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ነው። ከዚያ ካለፈ ፈረንሳይ ላይ ታክሲ መጠበቅ መከራ ነው። ሴቶች እህቶቻችን የሚመጡት በጊዜ እንደሚያልቅ ስለሚያምኑን ነው።

ስልክ። ይሄ ከባድ ነው። አንዱ የጊታር ልጅ ገና ያላወጣውን ዘፈን ሲጫወት አንድ እንግዳ ቀድቶ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ክፋት አስቦ አይደለም። በሳምንቱ ልጁ ዜማውን ሌላ ሰው በሌላ ግጥም ሲያንጎራጉረው አገኘው። ሁለት ወር ዘፈን አልጻፈም። አሁን ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ራሱ ይናገራል፦ "ይሄኛውን ቅዱ፣ ያኛውን አትቅዱ።" ከዘፋኙ አፍ ሲሰማ ሰው ያከብረዋል።

ለዘፋኞቹም አንድ ነገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን ለመጠበቅ የግድ አስመዝግቡ አይልም። ግን ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ የራሳችሁ መሆን አለበት፤ ተጽፎ ወይም ተቀርፆ፣ በሆነ ነገር ላይ ሰፍሮ መገኘትም አለበት። በጭንቅላት ውስጥ ያለ ዜማ አይበቃም። ስለዚህ ሰው ፊት ከመዝፈናችሁ በፊት ቤታችሁ በስልካችሁ ቅዱት። ግጥሙን ጻፉት። ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፣ ቀኑ ይታያል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የእማማ አርባ ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ እንደገና አዘጋጀን። ልጆቻቸውን ሄደን አስፈቀድን። "እናታችን ትወደው ነበር፣ አድርጉት" አሉን። ያን ቀን መሰንቆ የሚጫወት ሰው ጋበዝን። ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዚያ አዝማሪ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት የሠራ ነው። እኔ ፈርቼ ነበር። አዝማሪ ቤት ጨዋታ አለ፣ ተረብ አለ፣ ሰው ይጮኻል። የእኛ ልጆች ደግሞ ቀስ ብለው የሚዘፍኑ ናቸው። አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል ብዬ ነበር።

ሰውየው ገብቶ ክፍሉን አየ። ከኪሱ ዕጣን አወጣና የመሰንቆውን ደጋን ቀባ። ጮክ ብሎ ይጀምራል ስል ለጎረቤት እንደሚያወራ ሰው ዝቅ አድርጎ ጀመረ። ከዚያ "ግጥም ያለው ሰው የለም?" አለ። ማንም አልመለሰም። ለካ ጋሼም መጥተዋል። ወንበሮቹን ሊያዩ ነበር የመጡት፣ ከኋላ ቆመው ቀሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ተቀበል" አሉ።

ትናንት አልቅሰንበት፣ ዛሬ ዘፈንንበት፣
የእድራችን ወንበር፣ ሆድህ ስንት አለበት።

አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ደገመላቸው። ሁለተኛውን ሲደግም ድምፁን ጣል አደረገው። "አለበት" የሚለው ላይ ደጋኑን አቆመ፣ እንደገና ሳበው። የእማማ ታናሽ ልጅ ወንበሩን በእጇ ስትዳብስ አየኋት። እኔ የተቀመጥኩበትንም ወንበር አየሁት። እጀታው ላይ የእድሩ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ግጥም ሰጡ። አንዱ ይደናቀፋል፣ አዝማሪው ያቃናለታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀጥሎ ወንድሜ ገባ። ጊታሩን ሲያነሣ ማንም "ዝም በሉ" አላለም። ክፍሉ ራሱ ጸጥ አለ። ተናግሮ፣ ስቆ፣ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ለመስማት እንዴት እንደሚመቻች ያን ቀን አየሁ። ወንድሜ ዓይኑን ከጣቱ ላይ አንሥቶ ዘፈነ። አንዱ ዘፈን መሃል ላይ ከኋላ "እሰይ" የሚል ድምፅ መጣ። ማን እንዳለው አላየሁም።

ስለዚህ የምትጀምሩ ከሆነ አዝማሪ ወይም ግጥም የሚችል አንድ ሰው መጀመሪያ ላይ አስገቡ። ቀስ የሚሉትን ልጆች ኋላ ላይ አድርጉ። እኛ ለአምስት ወር ተቃራኒውን ነበር የምናደርገው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሮቹን መለስን። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ቆጠሩ። 28 ሙሉ ናቸው። አንዷን ገለበጡና እግሯን አዩ። ትንሽ ተሰንጥቃለች። "ይቺን እኔ አሠራታለሁ" አሉ። ከዚያ መጋዘኑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ "የሚቀጥለውን ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ፣ ሰርግ እንዳይዘው" አሉን።